ለእግሩ የታሰበው ባና

የመኳንንት ግራ እግር ከተቀበረ አራት ዓመት ሆኖታል። መኳንንት ራሱ ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጎረቤት ሲጣላ ያስታርቃል። እግሩ ያለው ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ነው። እሱ ደግሞ ከዚያ ወረድ ብሎ ባለው ቤቱ መደብ ላይ ተቀምጦ ስለ እግሩ ያስባል። ሰው ስለ ሞተ ዘመዱ ቢያስብ ወግ ነው፤ ማንም አይከፋም። ስለ ሞተ እግሩ ሲያስብ ግን የቤቱ ሰው መግቢያ ያጣል። በተለይ ሚስቱ ጌታነሽ፤ እግሩን የቀበረችው እሷ ናትና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገብስ የጫነ አይሱዙ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት ሲገለበጥ መኳንንት ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አደረሱት። ሐኪሞቹ ነፍሱን ለማትረፍ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት፤ ነፍሱም ተረፈች። በማግስቱ አንዲት ነርስ ጌታነሽን ወደ ጥግ ወስዳ፣ የተቆረጠውን እግር ሐኪም ቤቱ ያስወግደው እንደሆነ ጠየቀቻት። ጌታነሽ ቆጣ አለች።

«ኧረ ምን ሲደረግ። ኋላ በትንሣኤ ጊዜ አካል ከአካሉ ሲገናኝ፣ ይኸ ሰውዬ በአንድ እግሩ ከመንዝ ደብረ ብርሃን ድረስ እያነከሰ እግሩን ሲፈልግ ሊውል ነው?»

ነርሷን ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሯትም፤ እግሩን አስረከበቻት።

በዚያን ጊዜ ጌታነሽ እጅ ላይ የነበረው አንድ ባና ብቻ ነው። በሙሽርነቷ ዘመን ከራሷ በጎች ጠጉር ፈትላ ያሠራችው፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ባልና ሚስት ተጠቅልለውበት ውርጭ የማያልፈው ባና ነው። ሕይወት ያለውን ሰው ታልብሰው ወይስ የሞተውን እግር ትከፍንበት? ብዙ አላሰበችም። ባናውን መኳንንት ላይ ደርባ፣ እግሩን የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከታ፣ አፉን በገመድ አስራ ሚኒባስ ተሳፈረች። ረዳቱ ጆንያውን ከላይ ልጫነው ብሎ ታገላት።

«ይኸ ከላይ አይጫንም» አለች።

«ምን ቢሆን ነው፣ እናት?»

«ባሌ ነው።»

ረዳቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሞላሌ ሲደርሱ ግን ጆንያውን እንዴት እንዳቀፈችው አይቶ ሳቁን ዋጠው። መሐል ሜዳ ወርዳ በእግሯ ሚካኤል ደረሰች። የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደ ጻድቅ፣ ለአንድ እግር ምን እንደሚደገም እርግጠኛ ባይሆኑም የመሰላቸውን ጸሎት ደገሙ፤ እግሩም ተቀበረ።

ብርዱ የጀመረው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው።

«ይበርደዋል» አለ መኳንንት አንድ ምሽት።

«ማንን?»

«እግሬን።»

ጌታነሽ የተረፈውን እግሩን ልትሸፍን ስትነሣ «እሱን አይደለም፤ ያንን» ብሎ በአገጩ ወደ ሚካኤል አሳያት። «የእግሬ ጀርባና አውራ ጣቴ ነው። ውርጭ እንዳረፈበት ሆኖ ይቆረጥመኛል። ውስጥ እግሬ ደህና ነው፤ እሱ መሬት ይዟል። የሚበርደው ከላይ ያለው ነው። ያልተሸፈነው።»

ይህን ሲል ክፉ አላሰበም። መኳንንት ሚስቱን አንድ ቀን አስቀይሞ የማያውቅ ሰው ነው። ሆኖም የጆንያውን ነገር ያኔውኑ ራሷ ነግራው ነበርና፣ ብርዱ ሲብስበት «መቼም ማዳበሪያ ጆንያ ሙቀት የለውም» ይላል፤ የሚለውም ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ሆኖ ነው። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ የት እንደሚያርፍ አያይም። ሰው የራሱ ሕመም ሲጮኽበት የሌላው አይሰማውም፤ በዚህ የሚፈረድበት ካለ ሁላችንም ነን።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ጌታነሽ ባናው ውስጥ አልገባችም። ሙሉውን ለእሱ ትደርብለትና እሷ ሁለት ነጠላ አነባብራ በግድግዳው በኩል ትጠቀለላለች። ባሏን ያበረደች ሴት ምን ሙቀት ይገባታል ብላ ነው። ቢጠይቋት «አይበርደኝም» ልትል ተዘጋጅታ ነበር። የጠየቃት ግን የለም።

ዘንድሮ ኅዳር ሲገባ ውርጩ በረታና መኳንንት መምሬ ወልደ ጻድቅን አስጠራቸው። መቃብሩ ይከፈትልኝ፣ እግሬ በባናው ተጠቅልሎ እንደገና ይቀበርልኝ አለ። መምሬ መጀመሪያ «የተቀበረ አይነካም» ብለው አሻፈረኝ አሉ። መኳንንት ግን ሽማግሌ ሆኖ ሰው ሲያስታርቅ የኖረበትን አንደበት ሁሉ አመጣባቸው።

«አባ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም። ባለቤቱ እያለሁ የራሴን እግር ላልብሰው ነው ያልኩት» ሲላቸው መምሬ ተረቱ። ጾሙ ሳይገባ፣ በመጪው ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ።

ጌታነሽ ከጓዳ ሆና ሰማች። ቅዳሜ ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ሁሉ ከጽዱ ሥር እንደሚከማች ታውቃለች። ማዳበሪያ ጆንያ ደግሞ አይበሰብስም፤ ጽሑፉ ሳይቀር እንዳለ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የባሏን እግር በጆንያ የቀበረች ሴት ተብላ መኖሯ ነው። ባናውም፣ ያ በሙሽርነቷ የፈተለችው፣ አፈር ሊገባ ነው። ከሁሉ የከፋት ግን ይህ አልነበረም። ከሁሉ የከፋት፣ ሰውዬው እውነቱን ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ባሏን የቆረጠመው ብርድ በእሷ እጅ የተቀበረ ብርድ ቢሆንስ?

በዚያው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽኗ እስከዳር ብቅ አለች። አንዲት ተመራማሪ ዶክተር መሐል ሜዳ መጥታ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ክፍል እንደያዘች፣ እግሩን ወይም እጁን አጥቶ ያጣው አካል አሁንም የሚሰማውን ሰው እንደምትፈልግ ነገረቻቸው።

«ሌላም ሰው አለ ማለት ነው?» አለ መኳንንት። ደስ ያለውም የቀናም ይመስል ነበር።

«ብዙ አለ፣ ጋሼ።»

ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ። እሱ ባናውን ለብሷል፤ እሷ ነጠላዋን።

ዶክተር ጽናት ገና ወጣት ናት። የሞላሌ ልጅ መሆኗን እንደተቀመጡ ነገረቻቸውና መኳንንት ወዲያው የአያቷን ስም ጠይቆ አወቃቸው፤ ነገሩ ቀለለ። ክፍሉ ውስጥ እንደ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ሣጥን ነበር። ከሣጥኑ ሁለት ቀጫጭን ጎማ ወጥቶ መዳፍ ከምታክል ብረት ጋር ተያይዟል።

«ጋሼ መኳንንት» አለች፣ «ጠዋት በውርጭ ውኃ ሲነኩ ጣትዎ ደንዝዞ የሰው ጣት አይመስልዎትም?»

«ይመስለኛል እንጂ።»

«ሲሞቅስ?»

«እየጠቀጠቀኝ ይመለሳል።»

«እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው። ከጉልበትዎ በታች በውጪ በኩል፣ ከአጥንቱ ጎን፣ አንድ ነርቭ ከቆዳ ሥር ያልፋል። እግርዎ ሳለ የእግርዎን ጀርባና የአውራ ጣትዎን ወሬ ወደ አንጎል ሲያደርስ የኖረው እሱ ነው። ይህን ብረት እዚያ ላይ አድርጌ አቀዘቅዘዋለሁ። ነርቩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ይተኛል፤ ወሬ አያሳልፍም። ሳሞቀው ደግሞ ይነቃል። አይቆረጥም፣ አይጎዳም። ማቆም ሲፈልጉ እጅዎን ያንሡ፣ አቆማለሁ።»

«በመርፌ አይሆንም?»

«ይሆናል። ነገር ግን የማደንዘዣ መድኃኒት በደም ገብቶ ሌላም ቦታ ይደርሳል። ብርድ ካስቀመጡት አይነቃነቅም። እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህ የሚሰማዎት ነገር ከነርቩ ነው ወይስ አንጎልዎ ራሱ የሚፈጥረው ነው የሚለውን ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ ማስተኛት አለብኝ።»

«ከመቃብሩስ ቢሆን?»

ጽናት አልሳቀችም። «ስለ መቃብር መሣሪያዬ የሚያውቀው ነገር የለም» አለች።

ጌታነሽ እስከዚያ ድረስ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣ ነበር። «ዶክተር፣ ልጄ» አለች፣ «ነርቩ ሲተኛ ብርዱም ከጠፋ፣ ብርዱ ከዚሁ ነበር ማለት ነው?»

«ለእኔ እንደዚያ ነው፣ እትዬ።»

ጌታነሽ ነጠላዋን አጠባበቀች። ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። ቅዳሜ ሊከፈት የተቀጠረው መቃብር እዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዚህች መዳፍ በምታክል ብረት ሊዘጋ ይችላል። ሚካኤልን በልቧ ተሳለችው፤ ምን እንደተሳለች ግን ለማንም አልተናገረችም።

መኳንንትን አልጋ ላይ አስተኙትና ከሆዱ በላይ አንሶላ ጋረዱበት፤ የሚደረገውን እያየ እንዳይገምት ነው። ጽናት ብረቱን በማሰሪያ አሰረችለትና እሷም ከመጋረጃ ወዲያ ሆና የብርዱን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር መከታተል ያዘች፤ ፊቷን አይቶ መልስ እንዳያዘጋጅ። ለጌታነሽ «እርስዎ ምንም ሥራ የለብዎትም፤ ዝም ብለው ይቀመጡ» አለቻት። መንዝ ውስጥ ለባለትዳር ሴት ምንም ሥራ የለብሽም ማለት አደጋ አለው። ጽናት ሞላሌ ተወልዳ ይህን መርሳት አልነበረባትም።

ሣጥኑ አጉረመረመ። ጥቂት ቆይቶ ከአንሶላው ወዲያ የመኳንንት ድምፅ መጣ።

«አውራ ጣቴ እየራቀ ነው።»

የጌታነሽ ልብ ዘለለ። ዓይኗ ግን ከጉልበቱ በታች የቀረችው ቁራጭ ላይ ነበር። ቆዳው መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ራቁቱን ነው። በረዶ የመሰለ ብረት ተጭኖበት ዝም ብሎ ተኝቷል። አራት ዓመት ሙሉ በቅባት ስታሻት የኖረች ቁራጭ ናት። እንደምንም ቻለች፣ ቻለች፣ ከዚያ አቃታት። የመንዝ ልጅ አፉን ሳይፈታ የሚያውቀው ነገር ቢኖር፣ ብርድና ገላ ሲገናኙ መሐላቸው የበግ ጠጉር እንደሚገባ ነው። ባናው ከአልጋው ግርጌ ነበር። ጫፉን ሳብ አድርጋ፣ ማሰሪያውን ላላ አድርጋ፣ ቀስ ብላ በብረቱና በቆዳው መሐል ሸጎጠችው። ትንሽ እንዲለሰልስለት ነው።

እንደገና በጉጉት ቁጭ አለች።

«ተመለሰ» አለ መኳንንት።

«ምኑ?» አለች ጽናት ከመጋረጃው ወዲያ።

«ሁሉም። ጣቱም፣ ብርዱም። እንዲያውም ብሷል።»

ጌታነሽ ዓይኗ ጨለመባት። እንግዲያ ከዚህ አይደለም። እንግዲያ ከዚያ ነው፤ ከጆንያው። ጽናት ግን ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ አይታ ኖሮ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ጥቁሩን ባና ከብረቱ ሥር ተሸጉጦ አገኘችው። ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ብረቱ ገላውን ነከሰው እኮ፣ ልጄ። እንዲለሰልስለት ብዬ ነው።»

ጽናት ባናውን በጣቷ ዳሰሰችው። አያቷ ቤት እንዲህ ያለ ባና ሳይኖር አይቀርም። «ጥሩ ባና ነው» አለች። «ብርዱን እምቢ አለውና ነርቩ ነቃ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ቆዳው ዛሬ ሁለተኛ አይቀዘቅዝም፣ ይጎዳል። ነገ እንሞክራለን።»

መኳንንት የሆነውን ሲነግሩት እስኪያስለው ሳቀ። እንባውን እየጠረገ «ይኸን ባና ያን ጊዜ ብታለብሺው ኖሮ» አለ። ዛሬም ክፉ አላሰበም። ጌታነሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ሳይሆንላት ቀረ። መልበስ ሲገባው ያላለበሰችውን፣ መልበስ በማይገባው ጊዜ አለበሰችው።

አርብ ጠዋት ሲመለሱ ጽናት ባናውን ራሷ ተቀብላ በር አጠገብ ያለ ወንበር ላይ አኖረችው። ሣጥኑ ሲሠራ ክፍሉን ስለሚያሞቀው መስኮቱን በሰፊው ከፈተችው። የኅዳር ነፋስ እንደ ባለቤት ገባ። ጌታነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ እንደምትቀመጥ ቃል ገባች፤ ገብታም ከግርጌው ተቀመጠች።

ከመጀመሩ በፊት መኳንንት ጥያቄ አለኝ አለ። ሌሊቱን ሲያስብበት አድሯል።

«ዶክተር፣ ይህ ነርቭ እንደ ኬላ ነው ብለሽኛል።»

«ኬላ አላልኩም፤ ግን ይሁን።»

«ብርዱ ከጽዱ ሥር ተነሥቶ ቢመጣና እዚህ ኬላው ላይ ብታግጂው፣ መነሻው ከዚህ ነው ይባላል? መንገደኛ ኬላ ላይ ተያዘ ማለት እዚያ ተወለደ ማለት አይደለም።»

ጽናት ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነዎት» አለች። «ከመቃብር ተነሥቶ የሚመጣ መንገድ እኔ አላውቅም፤ ሰውነት ውስጥም የለም። ነገር ግን መሣሪያዬ የሚነግረኝ እዚህ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ነው። ከዚህ በላይ ነገረኝ ብል ዋሸሁ።»

«እሺ። እውነቱን ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ» አለና ተኛ።

የጌታነሽ ተስፋ እዚያው ላይ ወደቀ። ብርዱ ቢጠፋም አንድ ነው፣ ባይጠፋም አንድ ነው፤ ይህ ሰውዬ ነገ ይቆፍራል። ምላሱ እንኳን መምሬን ዶክተሯንም ረታ። እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ቃሏን ጠብቃ ተቀመጠች።

ሣጥኑ አጉረመረመ። ቆዳው ቀላ፣ ነጣ። አልነካችውም።

«አውራ ጣቴ እየራቀ ነው» አለ መኳንንት። ቆይቶ «አሁን ሄደ» አለ። ከዚያም የእግሩ ጀርባ ከጫፉ ጀምሮ እንደሚጠቀለል ሰሌን እየተጠቀለለ መሄዱን፣ ብርዱም አብሮት መሄዱን ተናገረ። ጽናት ከመጋረጃው ወጥታ በጥጥ የቁራጩን የውጪ ጎን ነካካች፤ አልተሰማውም።

«አሁን ብርዱ የት ነው?»

ጌታነሽ ቀና ብላ አየች። ከአንሶላው ሥር የመኳንንት ሆድ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ጋሼ?»

«የለም» አለ መኳንንት ቀስ ብሎ። «እግሬ የለም።» አራት ዓመት ሙሉ እግሩ ጽዱ ሥር ሆኖ ሲጠራው ኖሮ፣ መሄዱን ገና አሁን ሰማ። አለቀሰ። ጽናት ላቁመው ስትለው እጁን አወዛወዘ፤ አታቁሚው ማለቱ ነው። «ጸጥ ይበል። ጸጥታው ደስ ይላል። እንዲህ ጸጥ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

ጣራ ጣራውን እያየ አዳመጠ።

«ያ የሚንቀጫቀጨው ምንድን ነው?» አለ መኳንንት።

«የቱ?»

«አሁን ነው የሰማሁት። መሣሪያሽ ተበላሸ እንዴ?»

ጽናት ወደ ሣጥኑ ተመለከተች፤ ሣጥኑ ደህና ነው። ከዚያ ወደ ግርጌው ዞረች። «መሣሪያው አይደለም» አለች። «እትዬ ጌታነሽ ናቸው። ጥርሳቸው ነው።»

መኳንንት አንሶላውን በእጁ ገለጠው። ፈተናውን ማበላሸቱ ነበር፤ ጽናት ግን አልከለከለችውም። ሚስቱ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በሁለት ስስ ነጠላ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ባናው ከኋላዋ፣ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ወንበር ላይ ነው።

«ባናው እዚያ አይደለም እንዴ?» አላት።

«ነው።»

«ታዲያ አትደርቢውም?»

«የነገ ነው። የእግርህ ነው።»

መኳንንት ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ነገር ሲሰማ፣ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። ጥያቄ መጠየቅ ያውቅበታል።

«ቤትስ በምን ነው የምትተኚው?»

«በዚሁ።»

«በነጠላ? ከመቼ ጀምሮ?»

ጌታነሽ መሬት መሬት አየች። «ይበርደዋል ካልከኝ ጀምሮ» አለች።

ጽናት ወደ መስኮቱ ሄዳ ዘጋችው። ኋላ ሰዓቱ ሲደርስ ብረቱን አሞቀችው፤ ቆዳው ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ። መኳንንት ነርቩ ሲነቃ የጠቀጠቀውን ያህል ተጠቀጠቀና ፊቱን አጨማደደ።

«መጣ?» አለች ጽናት።

«መጣ።»

«ብርዱስ?»

«እንዳለ ነው። አውራ ጣቴም፣ ጀርባውም።»

ጽናት የሰማችውን መዘገበች። ብዙ ሰዎችን አይታ ስታበቃ፣ ነርቩን ሳይቆርጡ ለረጅም ጊዜ የሚያረጋጋ ሕክምና ይገኝ እንደሆነ እንደምትነግራቸው ቃል ገባችላቸው። ተስፋ ሰጥታ አላጋነነችም። መኳንንት መረቃት፤ ጌታነሽም ጉልበቷን ይዛ ተነሥታ መረቀቻት። የመጣችበትን ነገር ሳታገኝ መመለሷን ግን ልቧ ያውቀዋል። ባናውን ከወንበሩ አንሥታ ለመኳንንት ልትደርብለት ዘረጋችው።

«ውጪ እንውጣ መጀመሪያ» አለ።

ከክሊኒኩ በር ላይ ነፋሱ ተቀበላቸው። ባጃጁ ገና አልደረሰም። መኳንንት ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በአንድ እግሩ ቆመና ባናውን ከእጇ ወሰደ። በትከሻዋ ላይ ጣለው፣ ከአንገቷ ሥር ሰብስቦ ያዘው፣ እንደ ሕፃን ልጅ እስከ አገጯ ድረስ ጠቀለላት። ለመውደቅ ምንም አልቀረውም፤ እሷ ከባናው ውስጥ እጇን አውጥታ ወገቡን ደገፈችው።

«ጫፉን አፈር ሊነካው ነው፤ የነገ ነው እኮ» አለች።

«ነገ የለም። ማታ መምሬ ዘንድ ሰው እልካለሁ። ጽዱ ሥር ማንም ዶማ አያነሣም።»

ጌታነሽ ዓይኑን ፈለገች። ዶክተሯን ሲረታ የዋለ ሰው ነው፤ ምን እንደረታው አልገባትም። «ከመቃብሩ አይደለም ማለት ነው?» አለች።

«እሱን አላውቅም። ዶክተሯም አታውቅም።»

«ታዲያ እግርህስ? አሁንም ይበርደዋል አላልክም?»

«ይበርደዋል» አለ መኳንንት። «እሱ ግን ሲበርደው ይነግረኛል። ሌሊትም ቀንም ይነግረኛል። አንቺ ነሽ የማትነግሪኝ።»

ጌታነሽ መልስ ፈለገች። «አይበርደኝም» የሚለው ቃል አፏ ላይ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ ለሚጠይቃት ሰው አዘጋጅታ ያስቀመጠችው ቃል ነው። የሚጠይቃት ሰው መጣ። ቃሉ ግን አልወጣም። ከባናው ውስጥ ሆና፣ ጥርሷ ገና እየተንቀጫቀጨ፣ ግንባሯን ደረቱ ላይ አደረገች።

«በርዶኛል» አለችው።